በ«ሃቭ» ውስጥ ያለችው «አለ»

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ የተቀመጣችሁም፣ ምጣድ አጠገብ ያላችሁም፣ መሪ ጨብጣችሁ መንገድ ላይ ያላችሁም ለእኔ እኩል ተማሪዎች ናችሁ። መሪ የጨበጣችሁት ግን እባካችሁ ስሙ እንጂ አትጻፉ።

የዛሬውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ከሰው ቤት እንጀምረው። ምሳ ሰዓት ላይ ዘመድ ቤት ደረሳችሁ እንበል። መሶቡ ቀርቧል። ገና «ቤቶች!» ከማለታችሁ «ኑ እንብላ፣ ቅረቡ» ይባላል። ይሉኝታ የያዘው እንግዳ ያን ጊዜ ምን ይመልሳል? «በልቻለሁ» ነው የሚለው። «በላሁ» ያለ እንግዳ እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። «በላሁ» ቢል ኖሮ ባለቤቲቱ «መቼ? የት? ምን በላህ?» ብትለው አይፈረድባትም፤ ወሬ የጀመረላት ይመስላልና። «በልቻለሁ» ያለው ሰው ግን የሚያወራው ስለ አሁን ሆዱ ነው። መቼ በላ፣ የት በላ፣ ከማን ጋር በላ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን ጠግቤአለሁ፣ አታስቸግሩኝ ማለቱ ነው። ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ብላ ማጉረሷ አይቀርም፤ የእሷን ጉርሻ ሰዋስው አያስቆመውም።

ይህን ልዩነት ትምህርት ቤት ገብታችሁ አልተማራችሁትም። ከእናታችሁ ጓዳ ይዛችሁት ወጣችሁ። እንግሊዝኛም ይኸው ልዩነት አለው። «አይ ኤት» እና «አይ ሃቭ ኢትን» ይለዋል። ሁለተኛውን ነው ፈረንጆቹ ፕሬዘንት ፐርፌክት የሚሉት፤ የዛሬው ርዕሳችንም እሱ ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ነገር የተማርነው ክፍል ውስጥ በዜማ ነበር። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓምድ ያሰምራሉ፤ ቪ ዋን፣ ቪ ቱ፣ ቪ ስሪ። እኛም በአንድ ድምፅ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን! ሲ፣ ሶው፣ ሲን! ኢት፣ ኤት፣ ኢትን!» እያልን ግድግዳውን እናናውጣለን። ከዚያ መምህሩ «ፕሬዘንት ፐርፌክት ማለት ሃቭ ወይም ሃዝ ሲደመር ቪ ስሪ» ብለው ያጽፉናል። ልክ ነው፣ ሲደመር ቪ ስሪ ነው። ግን ምን ለማለት ነው የሚደመረው? ለምን «ሃቭ»? «ሃቭ» እኮ «አለኝ» ማለት ነው። «አይ ሃቭ ኤ ሃውስ» ሲሉ «ቤት አለኝ» ማለት ነው። ታዲያ ምሳ በልቼ ስጨርስ «አለኝ» የሚለው ቃል ምን ሊሠራ ይገባል?

መልሱ የራሳችን ቋንቋ ውስጥ ተቀምጧል። «በልቻለሁ» የምትለዋን ቃል እስቲ እንፍታት። ቀስ ብላችሁ በሉት፤ በልቼ… አለሁ። ሁለት ቃል ነው! «በልቼ» ቦዝ አንቀጽ ነው፣ ብቻውን አይቆምም። «አለሁ» ደግሞ ያው የምናውቀው ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለን «አለሁ» የምንለው ነው። መብላቴን በልቼ፣ አሁን አለሁ። «መጥቷል» ማለት «መጥቶ አለ» ነው። «ሄዳለች» ማለት «ሄዳ አለች» ነው። አማርኛ የተፈጸመውን ሥራ ወስዶ «አለ» በምትባል የአሁን ጊዜ ቃል ጅራት ያሥርለታል። እንግሊዝኛም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የተፈጸመውን «ኢትን» ወስዶ «ሃቭ» ከምትባል የአሁን ጊዜ ቃል ጋር አሰረው። ልዩነቱ እኛ «አለሁ» ስንል እነሱ «አለኝ» ማለታቸው ነው። ሁለቱም ውስጥ ግን «አለ» አለች።

በጥንቱ እንግሊዝኛ የ«ሃቭ» ነገር ከዚህም የባሰ ግልጽ ነበር። «የተጻፈ ደብዳቤ አለኝ» እንደ ማለት ያለ አነጋገር ነበራቸው፤ ደብዳቤው በእጄ ነው፣ ተጽፎ ያለቀ ነው ለማለት። በዘመናት ውስጥ ይህ አነጋገር እየለሰለሰ «ደብዳቤ ጽፌአለሁ» የሚል ትርጉም ያዘ። እንደ መምጣትና መሄድ ያሉ ግሦች ደግሞ ለረጅም ጊዜ «ሃቭ»ን እምቢ ብለው «ኢዝ»ን ነበር የሚይዙት። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ሰዎች «ሃዝ ካም» በሚጠበቅበት ቦታ «ኢዝ ካም» የሚል ስታገኙ የማተሚያ ስህተት አይምሰላችሁ።

እንግዲህ አንዲት ነገር ብቻ ከዛሬው ዝግጅት ይዛችሁ ብትሄዱ ይህችን ያዙልኝ፦ ፕሬዘንት ፐርፌክት የኃላፊ ጊዜ አይደለም። ስሙ ራሱ ፕሬዘንት ይላል። ስለ አሁን የሚናገር ጊዜ ነው፤ ያለፈውን የሚጠራው ለአሁን ምስክር እንዲሆነው ብቻ ነው። «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ፎን» ያለ ሰው ስልኩ አሁንም የለም። «ስልኬ ጠፍቷል» ነው ያለው። «አይ ሎስት ማይ ፎን» ያለው ግን ታሪክ እየነገራችሁ ነው፤ አግኝቶትም ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ገዝቶም ሊሆን ይችላል፣ ታሪኩን እስኪጨርስ ጠብቁት።

እስከዚህ ድረስ አማርኛችን ጎበዝ ረዳት ሆኖናል። ከዚህ በኋላ ግን ይከዳናል፤ ዋናው ትምህርትም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከራሴ ሙያ ልጀምር። ይህን ሬዲዮ ስትከፍቱ ዜና ትሰማላችሁ አይደል? «ሚኒስትሩ ትናንት በሰጡት መግለጫ አስታውቀዋል።» «አደጋው ትናንት ሌሊት ደርሷል።» ለጆሯችን ቅንጣት አይጎረብጠንም። አማርኛ «ትናንት» እና «መጥቷል» አብረው እንዲቀመጡ ይፈቅዳል። እንግሊዝኛ ግን ፈጽሞ አይፈቅድም። «ሂ ሃዝ ካም የስተርደይ» ብትሉ የሚሰማችሁ ሰው ፊቱ ይኮሳተራል። ለምን? «ሃዝ» ብላችሁ በአሁን ከፈታችሁና «የስተርደይ» ብላችሁ በትናንት ዘጋችሁበት። በሩን ከፍታችሁ ፊቱ ላይ እንደ መዝጋት ነው። ቀን ከጠራችሁ፣ «ሃቭ» ይውጣ። «ሂ ኬም የስተርደይ»፣ አለቀ። «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ቱ ይርስ አጎ»፣ «ኢን 2015»፣ «ዌን አይ ዎዝ ኤ ቻይልድ»፤ እነዚህ ሁሉ የ«ሃቭ» ጠላቶች ናቸው። «ዌን» ብሎ የጠየቀንም ሰው እንዲሁ ነው፤ መቼ ብሎ ጠይቆ «ሃቭ» አይልም፣ እኛም በ«ሃቭ» አንመልስለትም።

የእንግሊዝኛ ዜና የምትከታተሉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዜናው መክፈቻ ብዙ ጊዜ በ«ሃዝ» ነው፤ «መንግሥት አዲስ ታክስ አውጥቷል» እንደ ማለት፣ ቀን ሳይጠሩ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቀኑና ቦታው ይመጣል፤ «ሃዝ» ወዲያው ትጠፋለች፣ ተራው የኃላፊ ጊዜ ይተካል። ዛሬ ማታ አንድ ዜና አዳምጡና ይህን ብቻ ተከታተሉ። የዜናውን ይዘት ባትሰሙትም ግድ የለም፣ ነገም ይደግሙታል።

አሁን ደግሞ ከቀን ወደ ቆይታ እንሻገር። እዚህ ላይ አማርኛችን የሚከዳን በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ እንግሊዝኛ «ሃቭ» ሲፈልግ እኛ ሌላ ይዘን እንቀርባለን።

ከዓመታት በፊት ለአንድ የትርጉም ሥራ ቃለ መጠይቅ ተቀመጥሁ። ጠያቂው ፈረንጅ ነው፤ ቦታው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ስለ ራስህ ንገረኝ ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ «አይ ሊቭድ ኢን አዲስ አበባ ፎር ትዌልቭ ይርስ» አልሁት። «አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዓመት ኖርኩ» ማለቴ ነበር። ሰውየው ወረቀቱ ላይ ጻፈና ቀና ብሎ፣ በጣም በትሕትና፣ «አሁንስ የት ነው የምትኖረው?» አለኝ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ! የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር፦ «አይ ሊቭድ» ስል እንግሊዝኛው «ኖሬ ለቀቅኩ» ነው የሚለው። ማለት የነበረብኝ «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን አዲስ አበባ ፎር ትዌልቭ ይርስ» ነበር። ኖሬአለሁ፣ አሁንም አለሁ። አንዲት «ሃቭ» በመጣሏ ከተማዬን አስለቀቀችኝ። ሥራውን አግኝተሃል ወይ ካላችሁኝ፣ አላገኘሁም፤ በዚህ ምክንያት ነው ግን አልልም።

ከዚህም ይበልጥ የሚዘወተረው ስህተት ደግሞ ይኼኛው ነው፦ «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ ፋይቭ ይርስ።» ዋሽንግተንም፣ ለንደንም፣ ዱባይም ያላችሁ ወገኖቻችን በየቀኑ ትሉታላችሁ፤ ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። አማርኛ «ከአምስት ዓመት ጀምሮ እዚህ እየኖርኩ ነው» ይላል። «እየኖርኩ ነው» ስለሚል «አይ አም ሊቪንግ»፣ «ከ» ስለሚል «ሲንስ»። ቃል በቃል ነው የተተረጎመው፤ ቃል በቃል ነው የተሳሳተው። ትናንት ተጀምሮ ዛሬም ላልቆመ ነገር እንግሊዝኛ «ሃቭ» ይፈልጋል። ወይ «አይ ሃቭ ሊቭድ» ወይ «አይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ»። ሁለተኛው ነገሩ እየቀጠለ መሆኑን ትንሽ ይበልጥ ያሰማል፤ ለዛሬ ግን አንዱን ከያዛችሁ ይበቃል።

«ፎር»ና «ሲንስ»ን ለመለየት ቀላሉ መንገድ መቁጠር ነው። የሚቆጠር ርዝመት ከሆነ፣ አምስት ዓመት፣ ሦስት ወር፣ አሥር ደቂቃ፣ «ፎር»። የተጀመረበት ነጥብ ከሆነ፣ ሰኞ፣ ፋሲካ፣ ከተጋባን ወዲህ፣ «ሲንስ»። እዚህ ላይ አንዲት ጥንቃቄ አለችኝ። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ሥራ የጀመረች እህት «ሲንስ 2012» ብላ ቅጽ ላይ ብትጽፍ፣ አንባቢው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚያነበው ሰባት ስምንት ዓመት የሥራ ልምድ መረቀላት ማለት ነው። ደስ ይላል፤ ነገር ግን በኋላ ማስረጃ ሲጠየቅ ያስጠይቃል። ዓመተ ምሕረቱን ለውጡ።

ሐኪም ቤትም ይኸው የቆይታ ጥያቄ ይመጣል። ሳል ይዟችሁ የሄዳችሁ እንደሆነ ሐኪሙ «ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ሃድ ዚስ ካፍ?» ይላችኋል። ሳሉ ከያዘህ ስንት ጊዜ ሆነህ ማለቱ ነው። «ሃቭ» እና «ሃድ» ተከታትለው ሲመጡ አትደንግጡ፤ የመጀመሪያዋ ረዳት ናት፣ ሁለተኛዋ ራሷ ሥራው ናት። መልሱ «ፎር ቱ ዊክስ» ብቻ ቢሆን በቂ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንቀጥል። ቅድም «በላሁ ያለ እንግዳ ሰምቼ አላውቅም» ብያችሁ ነበር። «ሰምቼ አላውቅም»፤ ይህች አነጋገር ዕንቁ ናት። «ላሊበላ ሄደህ ታውቃለህ?»፣ «ዓሣ በልተሽ ታውቂያለሽ?»፣ «አውሮፕላን ተሳፍረው ያውቃሉ?» አማርኛ በሕይወት ዘመን የሆነን ነገር ሲጠይቅ ዕውቀትን ይጠራል፤ የኖርከውን ነገር ታውቀዋለህ ብሎ ያምናል። እንግሊዝኛ ለዚህ ያለው «ሃቭ ዩ ኤቨር» ነው። «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ላሊበላ?» «ኖ፣ አይ ሃቭ ኔቨር ቢን ዜር።» ይህን የማያውቅ ሰው «ዱ ዩ ኖው ላሊበላ?» ይላል። እንግሊዛዊው ላሊበላን በፎቶ አይቶ ሊሆን ይችላል፤ «የስ» ብሎ ይመልሳል፤ እናንተም ሄዶ መጥቷል ብላችሁ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ስታወሩለት ሁለታችሁም ትደናገራላችሁ።

«ሃቭ ዩ ኤቨር» ለአሜሪካ ነዋሪ አድማጮቻችን ከሰዋስው በላይ ነው። የአሜሪካ ዜግነት የሚጠየቅበትን ኤን-400 የሚባለውን ቅጽ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ የሚጀምሩት በዚሁ ነው፤ «ኤቨር» የምትለዋንም በትልልቅ ፊደል ያትሟታል። ቃለ መጠይቁ ላይም መኮንኑ አንድ በአንድ ያነብላችኋል። ታስረህ ታውቃለህ? የዚህ ድርጅት አባል ሆነህ ታውቃለህ? ያንን አድርገህ ታውቃለህ? «ኤቨር» ማለት ከተወለድክ ጀምሮ እስከዚህች ደቂቃ፣ አንድም ጊዜ ማለት ነው። አሜሪካ ከገባህ ወዲህ ማለት አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ማለትም አይደለም። አንዳንዱ ሰው ግሡን ብቻ ሰምቶ «አሁን አልታሰርኩም እኮ» በሚል ሐሳብ «ኖ» ይላል። የተጠየቀው ግን ስለ ዕድሜው ሙሉ ነው። ጥያቄው ካልገባችሁ እንዲደገምላችሁ ጠይቁ፤ ቃሉን እንዲያብራራላችሁም ብትጠይቁ ነውር የለውም።

የመልስ አሰጣጥ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። አማርኛ «አልበላህም?» ሲባል «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል፤ የጠያቂውን ሐሳብ ነው የሚያጸድቀው። እንግሊዝኛ ግን ስለ ሥራው ነው የሚመልሰው። «ሃቭንት ዩ ኢትን?» ሲሏችሁ ካልበላችሁ «ኖ፣ አይ ሃቭንት» ነው። «የስ» ካላችሁ በልታችኋል ማለት ነው፤ ጦማችሁን ታድራላችሁ።

ስለ አሉታ ካነሣን አይቀር፣ እኔ በግሌ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። «በላሁ» ሲፈርስ ምን ይሆናል? «አልበላሁም።» «በልቻለሁ» ሲፈርስስ? እሱም «አልበላሁም!» አማርኛ በአዎንታ ሁለት የነበረውን በአሉታ አንድ ያደርገዋል። ያቺ «አለሁ» የምትባል ጅራት አሉታ ሲመጣ ትወድቃለች። ስለዚህ እኛ አሉታ ላይ ስንደርስ ጆሯችን ልዩነቱን አይሰማም። እንግሊዝኛ ግን ይለየዋል፤ «አይ ዲድንት ኢት» አንድ ነው፣ «አይ ሃቭንት ኢትን» ሌላ ነው።

ይህ ቢሮ ውስጥ ጉድ ይሠራል። አለቃችሁ ሪፖርቱን ሲጠይቃችሁ «አይ ዲድንት ፊኒሽ ዘ ሪፖርት» ብትሉት፣ ጊዜው አለፈ፣ ሳልጨርሰው ቀረሁ፣ ያለቀለት ነገር ነው እንዳላችሁ ሊሰማው ይችላል። «አይ ሃቭንት ፊኒሽድ ዘ ሪፖርት የት» ብትሉት ግን ገና እየሠራሁት ነው፣ ይመጣል ማለታችሁ ነው። በአማርኛ ሁለቱም «ሪፖርቱን አልጨረስኩም» ናቸው። እኛ ልዩነቱን የምናወጣው በ«ገና» ነው፤ «ገና አልጨረስኩም»። እንግዲያው መለያው ይኸውላችሁ፦ በአማርኛ «ገና» ማስገባት የምትችሉበት አሉታ በእንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ «ሃቭንት» ነው። የእንግሊዝኛዋ «ገና» «የት» ትባላለች፤ መቀመጫዋም እንደኛዋ መጀመሪያ ላይ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ናት።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ወጥመድ ልንገራችሁ። «-አል» ያለበትን አማርኛ ሁሉ ወደ «ሃቭ» የሚለውጥ ትጉ ተማሪ አለ። «ተቀምጣለች» ሲሉት «ሺ ሃዝ ሳት» ይላል። «ቀይ ሸሚዝ ለብሷል» ሲሉት «ሂ ሃዝ ዎርን ኤ ሬድ ሸርት» ይላል። «ደክሞኛል» ሲሉት «አይ ሃቭ ታየርድ»! ስለ ትጋቱ ባመሰግነውም ሦስቱም ስህተት ናቸው። አማርኛ መቀመጥን፣ መልበስን፣ መተኛትን፣ መድከምን የሚያየው ከመግቢያው በር ነው፤ ተቀምጣ አለች፣ ለብሶ አለ፣ ተኝቶ አለ። እንግሊዝኛ የሚያየው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ነው፤ ስለዚህ የአሁን ጊዜ ይበቃዋል። «ሺ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ»፣ «አይ አም ታየርድ»። «አግብቷል» ስንል «ሂ ኢዝ ማሪድ»። «ገብቶኛል» ስንል «አይ አንደርስታንድ»። «ርቦኛል» ስንል «አይ አም ሃንግሪ»።

በነገራችን ላይ ካፌ ውስጥ አስተናጋጁን ስትጠሩት ከሩቅ «መጣሁ!» ይላችኋል፤ ገና አልመጣም እኮ። «በቃ ሄድኩ» ብሎ ተሰናብቶ ግማሽ ሰዓት በር ላይ ቆሞ የሚያወራም አለ። እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ ስትወስዱ በኃላፊ ጊዜ አትውሰዷቸው፤ «አይ አም ካሚንግ»፣ «አይ አም ጎይንግ» በሉ።

የሚቀጥለውን ነጥብ በሯጮቻችን ላስረዳ። አበበ ቢቂላ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ አሸንፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ። ቀነኒሳ በቀለ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝቷል፤ አንዱን አቴንስ በ2004፣ ሁለቱን ቤጂንግ በ2008። በአማርኛ «አሸንፏል»፣ «አግኝቷል» ብዬ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ተናገርኩ፤ ቅር ያለው አልነበረም። እንግሊዝኛ ግን ይለያያቸዋል። ቀነኒሳን «ሃዝ ወን ስሪ ኦሎምፒክ ጎልድ ሜዳልስ» ይለዋል። አበበን ግን «ወን ዘ ኦሎምፒክ ማራቶን ትዋይስ»፤ «ሃዝ» የለችም። ለምን ይመስላችኋል? አስቡት፣ ሦስት ሰከንድ እሰጣችኋለሁ።

(ዝምታ)

አበበ እ.ኤ.አ. በ1973 አርፏል። የሕይወቱ መጽሐፍ ተዘግቷል። «ሃዝ» የአሁን ጊዜ ቃል ስለሆነች በሕይወት ካለ ሰው ጋር ነው የምትሄደው፤ የሕይወት ታሪኩ ገና ክፍት ከሆነ ሰው ጋር። ግን ደግሞ «ስለ አበበ ቢቂላ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል» ለማለት «ሜኒ ቡክስ ሃቭ ቢን ሪትን አባውት አበበ ቢቂላ» ይባላል፤ ልክም ነው። እሱ ቢያርፍም ስለ እሱ መጻፉ አላቆመምና። «ሃቭ» የምትጠይቃችሁ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ነገሩ ለዛሬ ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል?

የቡና ነገርም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሆናችሁ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥታችሁ ከሆነ «አይ ሃቭ ድራንክ ስሪ ከፕስ ዚስ ሞርኒንግ» ትላላችሁ። ጠዋቱ አላለቀማ፤ አራተኛ ልትጨምሩ ትችላላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለዚያው ቡና ስታወሩ ግን «አይ ድሬንክ» ነው። ጠዋቱ አልፏል። ቡናው አልተለወጠም፣ ስኒው አልተለወጠም፣ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ስለ መሄድ አንድ ልጨምር፤ እዚህ ላይ ቤተሰብ ሲደናገር አይቻለሁ። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ዱባይ» ማለት ሄዳለች፣ አሁን እዚያ ናት ማለት ነው። «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ዱባይ» ማለት ግን ሄዳ ታውቃለች፣ ተመልሳለች ማለት ነው። «ጎን» ያልተመለሰ ነው፣ «ቢን» የተመለሰ። ስለዚህ ስለ ራሳችሁ ከሰው ፊት ቆማችሁ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ዱባይ» አትበሉ፤ እዚህ ሆናችሁ እዚያ ነኝ ማለት ይሆንባችኋል።

«ይህን ሁሉ ተምሬ አሜሪካ ስሄድ ማንም እንዲህ አያወራም» የሚል ደብዳቤ ከዚህ በፊት ደርሶኛል። ግማሽ እውነት አለው። እንግሊዞች «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» በሚሉበት ቦታ አሜሪካውያን ብዙ ጊዜ «ዲድ ዩ ኢት የት?» ይላሉ፤ ሲፈጥኑ ደግሞ «ጂትየት?» ብቻ ሆኖ ይወጣል። «አይ ኦልሬዲ ኤት»ም ይላሉ፣ ለእነሱ ስህተት አይደለም። ነገር ግን ልብ አድርጉ፤ አሜሪካውያንም ቢሆኑ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ላይ «ሃቭ»ን አይጥሉም፤ «ሃቭ ዩ ኤቨር»ንም ብዙ ጊዜ አይተዉም። የላላው ባንድ በኩል ብቻ ነው።

ሌላ የፈረንጅ ቋንቋ የተማራችሁም ተጠንቀቁ። ጀርመንኛ «ሃቭ»ን የሚመስል «ሃበን» አለው፤ ግን ከ«ትናንት» ጋር በደስታ ይሄዳል፣ ልክ እንደ አማርኛችን። «አምስት ዓመት ሆነኝ» ለማለትም ተራውን የአሁን ጊዜ ይጠቀማል። እስራኤል ያላችሁም ዕብራይስጡ በዚህ በኩል አይረዳችሁም። ስለዚህ ሁለት ቋንቋ ተባብሮ ሊያሳስታችሁ ይችላል ማለት ነው።

በመጨረሻ ጆሮ። ይህ ሬዲዮ ነውና ጆሮን ሳላነሣ አልወጣም። መጽሐፍ ላይ «አይ ሃቭ» ተብሎ የተጻፈው በአፍ ሲነገር «አይቭ» ነው። «ሃቭ» ትዋጣለች፤ ከንፈር ላይ አንዲት «ቭ» ብቻ ትቀራለች። «ሂ ሃዝ» ደግሞ «ሂዝ» ይሆናል፤ «ሂ ኢዝ»ም «ሂዝ» ነው። ታዲያ በምን ይለያል? ከኋላዋ በሚመጣው ቃል። «ሂዝ ጎይንግ» ካለ «ኢዝ» ናት። «ሂዝ ጎን ቱ ዘ ሾፕ» ካለ «ሃዝ» ናት። ያቺ የልጅነት የቪ ስሪ ዜማ የምትጠቅመው ለዚህ ነው፤ ቪ ስሪን በጆሮው የማያውቅ «ሃዝ»ን አይሰማትም። ዜማውን የናቃችሁት ተመለሱበት።

የቤት ሥራችሁን ያዙ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸው። አንደኛ፦ «እናቴ ትናንት ደውላለች።» ሁለተኛ፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ።» ሦስተኛ፦ «ሱቁ ተዘግቷል።» ሦስቱንም አማርኛው እንዳያሳስታችሁ አድርጌ ነው የመረጥኳቸው ብል ዋሸሁ፤ እንዲያሳስታችሁ ነው የመረጥኳቸው። ከሦስቱ «ሃቭ» የምትፈልገው አንዷ ብቻ ናት። የትኛዋ እንደሆነች በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ እነሱም እናንተን ይጠይቁ።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)